ሁለት ገና፣ አንድ ደሞዝ

ስቶክሆልም ከገባን አስራ አንድ አመታችን ነው፣ በነዚህ አስራ አንድ አመታት ውስጥ ደግሞ ሃያ ሁለት ገና አክብረናል። ሂሳቡ አልተሳሳተም። አንደኛው ገና የልጆቼ ነው፣ ዲሴምበር 24 ማታ። ሁለተኛው የኔና የእናታቸው ነው፣ ታህሳስ 29፣ በነሱ ጃንዋሪ 7። ደሞዝ ግን አንድ ነው። እዚህ አገር ደሞዝ የሚገባው በ25 ነው፣ ዲሴምበር ላይ ታዲያ 25 በዓል ስለሆነ ቀደም አድርገው ያስገቡልሃል፣ አንተም ደስ ይልሃል፣ ቀድሞ የገባ ደሞዝ ግን ቀድሞ ነው የሚያልቀው፣ ከዛ በኋላ እስከ ጃንዋሪ 25 ያለው ጊዜ ከሁዳዴ ይረዝማል፣ የኛ ገና ደግሞ የሚመጣው ልክ እዛ መሃል ላይ ነው፣ ካርድህን ስታስነካ ማሽኑ የሚጮህብህ ሰሞን።

ያለፈው አመት ግን ከሁሉም ይለያል። አማቴ መጡ።

አማቴ የመጡት ጾመ ነቢያት በገባ በሳምንቱ ነው፣ የ90 ቀን ቪዛና ሁለት ሻንጣ በርበሬ ይዘው። ከኤርፖርት ስንወጣ በየፎቁ መስኮት ሰባት ሰባት ሻማ ቦግ ብሎ አዩ። በእርግጥ አምፖል ነው፣ ስዊድኖቹ ከገና በፊት ካሉት አራት እሁዶች ከመጀመሪያው ጀምረው የሚያበሩት ነገር ነው፣ ሳያበራ የሚቀር ቤት የለም ማለት ይቻላል። አማቴ አንገታቸውን አዙረው አዙረው አዩና፣

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ስለት አለበት?» አሉኝ።

አይ እማማ፣ ለጌጥ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ለጌጥ ሻማ የሚያበራ ሰው እንዳለ አምነው ለመቀበል ሶስት ቀን ፈጀባቸው።

ከዛ የጀምበሯ ጉዳይ መጣ። አማቴ ሰዓታቸውን የአዲስ አበባ ላይ ትተውት ነው የመጡት፣ ለጸሎት ይመቸኛል ብለው፣ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሶስት ሰዓት ነው ያለው፦ የስዊድን፣ የስዊድኑ በሀበሻ ሲቆጠር፣ እና የአማቴ። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ እዚህ ጀምበር የምትጠልቀው ከቀኑ ለ9 ሰዓት አስር ምናምን ጉዳይ ሲሆን ነው፣ በሀበሻ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የምትወጣውም ጠዋት ወደ 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ መውጣት ከተባለ። አማቴ መጋረጃውን ገልጠው ያያሉ፣ ጨለማ ነው፣ ተመልሰው ይተኛሉ፣ እንደገና ይነሳሉ፣ ያያሉ፣ ጨለማ ነው። በአራተኛው ቀን ሚስቴን ወደ ጓዳ ጠርተው «ይሄ ሰውዬ መብራት ያልከፈለው እስከመቼ ነው?» ብለዋታል።

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ የሚባለው ተረት ለዚህ አገር የተተረተ ነው የሚመስለኝ። ገና የሚባለው ነገር ኖቬምበር ላይ ሱቅ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ቤትህ ይገባል፣ ከዛ ልጆችህ አፍ ውስጥ ይገባል። ፍየልም በእውነት አለችበት። የስዊድን የገና ምልክት ዛፉ ብቻ አይደለም፣ በቀይ ሪባን የታሰረች የጭድ ፍየል አለች፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ትልቋን ማየት የፈለገ ደግሞ ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን ዬቭሌ የምትባል ከተማ ይሄዳል፣ እዛ ከ1966 ጀምሮ በያመቱ አደባባይ ላይ 13 ሜትር የምትደርስ የጭድ ፍየል ያቆማሉ፣ በመጀመሪያው አመት የአዲስ አመት ዋዜማ ላይ አንድ ሰው አቃጠላት፣ ከዛ ወዲህ በቃ አመል ሆነ፣ እነሱ ያቆማሉ፣ ሌላው በድብቅ ያነዳል፣ ካሜራ ይተከላል፣ ጠባቂ ይቀጠራል፣ ግማሹ አመት ትተርፋለች ግማሹ አመት ትነዳለች። በ2023 ደግሞ ሳትቃጠል ወፎች በሏት፣ ጭዱ ውስጥ የቀረ እህል ነበረበትና ለቅመው ለቅመው አጥንቷን አስቀሯት።

ይሄን ለአማቴ ሳጫውታቸው በጣም አዘኑ። ለፍየሏ አይደለም። «13 ሜትር ሙሉ ጭድ! ስንት ከብት ይቀልብ ነበር» ብለው ነው።

ዲሴምበር 13 ሉሲያ ነው። ሉሲያ ማለት ልጃገረዶች ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ በቀይ መቀነት ታጥቀው፣ አንዷ ራሷ ላይ ሻማ ተሸክማ ጠዋት በጨለማ እየዘመሩ የሚሄዱበት ቀን ነው፣ በሰማዕቷ ቅድስት ስም። የትንሹ ልጄ መዋዕለ ህጻናት ወላጆችን ጠራ፣ አማቴም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ህጻናቱ በነጭ ሲገቡ አማቴ እንባ በእንባ ሆኑ፣ የሰንበት ተማሪዎች መሰሏቸው፣ እልልታውን አንዴ ለቀቁት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ስዊድን ውስጥ እልልታ ሲሰማ ሰዉ መጀመሪያ የሚያየው የአደጋ ጊዜ መውጫው የት እንደሆነ ነው። መምህሯ ግን ጎበዝ ናት፣ አጨበጨበች፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ ተረፍን። የኔ ልጅ ደግሞ ከሰልፉ መጨረሻ ቡኒ ልብስ ለብሶ ብቅ አለ፣ የዝንጅብል ብስኩት ሆኖ። አዎ ብስኩት፣ ባህላቸው ነው፣ ከመላእክቱ ኋላ ብስኩት ይኖራል።

«ልጄን ከመላእክት ለይተው ብስኩት አደረጉብኝ?» አሉ አማቴ።

ራሱ ነው የመረጠው ብንል ማን ይስማን። ማታ ቤት ስንገባ ጠየቁት፣ «የኔ ጌታ መልአክ አትሆንም ነበር?» ሲሉት፣ «መልአክ ብስኩት አይሰጠውም» አላቸው። አማርኛው ብዙም አይደለም ግን ነገር ገብቶታል።

መስሪያ ቤት ደግሞ ዩልቡርድ የሚባል ነገር አለ፣ የገና ማዕድ በሉት፣ አለቃ የሚጋብዘው። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፣ እኔም ሳህኔን ይዤ ዳር እስከ ዳር እዞራለሁ። ካሮት ላይ ነው የማርፈው። ካም አለ፣ እሱ የአሳማ ነው። ትንንሽ ቋሊማ አለ፣ እሱም የአሳማ ነው። የስጋ ድቡልቡል አለ፣ ጾም ነው። ድንችም በክሬም ነው የሚጋገረው። የቀረው ሄሪንግ የሚባለው አሳ ነው፣ በሰናፍጭ፣ በሽንኩርት፣ በምን በምኑ ዘፍዝፈው በአስር አይነት ያቀርቡታል፣ ስኳርም አይቀርለትም። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ሀበሻ ባለበት ሶስት አቋም ነው ያለው። እኔ በመርህ ደረጃ አይበላም ባይ ነበርኩ፣ በዩልቡርድ ቀን ግን ይበላል ከሚሉት ጋር በጣም እቀራረባለሁ። ባልደረባዬ ካሮቴን አይቶ «ቬጋን ሆንክ?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ 44 ቀን። ከዛ እስከ ጃንዋሪ 7 ነው ስለው፣ ገና እኮ 24 ነው አለኝ፣ ከዛ የኛን ዘመን አቆጣጠር ማስረዳት ጀመርኩ፣ 13 ወር፣ ጳጉሜ፣ በሰባት ስምንት አመት ወደኋላ ምናምን። በጥሞና ከሰማኝ በኋላ «ስለዚህ እዛ ስትሄድ በሰባት አመት ታንሳለህ ማለት ነው?» አለኝ። ደሞዜም ወደዛው ነው አልኩት።

ወደ 24 እንምጣ።

ከሰዓት ላይ አገሩ ሁሉ ጸጥ አለ፣ መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። ምክንያቱም በነሱ 15:00 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን የዶናልድ ዳክ ካርቱን ያሳያል፣ ያው አንዱን ፕሮግራም፣ ከ1960 ጀምሮ በያመቱ። ሽማግሌው፣ ሀኪሙ፣ ዳኛው፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ዳክዬ ያያል፣ ከዛ በኋላ ነው በዓሉ የሚቀጥለው። 15:00 ማለት ደግሞ በሀበሻ 9 ሰዓት ነው። አማቴ የሚጾሙት እስከ 9 ሰዓት ነው፣ ያን ቀን ልጆቹ በስንት ልመና እዚህ ባለው 9 ሰዓት እንዲፈቱ አስማሟቸው። እና ሽሯቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ በመስኮት አሻግረው ቢያዩ ፊት ለፊት ያሉት ስዊድኖችም ሳህን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ከጎን ያሉትም ተቀምጠዋል። አማቴ በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እነዚህም እስከ 9 ሰዓት ነው ለካ የሚጾሙት። ሰው ሳያውቁ ማማት ኃጢአት ነው።»

እኔ ዝም አልኩ። ማረም ሰልችቶኝ ነበር፣ ደግሞም ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። ቶምተ መሆን አለብኝ።

ቶምተ ማለት የስዊድኖቹ የገና አባት ነው፣ በጭስ ማውጫ አይገባም፣ በጨዋ ደንብ በር አንኳክቶ «እዚህ ቤት ጨዋ ልጆች አሉ ወይ?» ብሎ ነው የሚገባው። ስርአቱ እንዲህ ነው፦ የቤቱ አባት «ጋዜጣ ልግዛ» ብሎ ይወጣል፣ ደረጃ ላይ ልብስ ይቀይራል፣ ጺም ይለጥፋል፣ ስጦታ አድሎ ይሄዳል፣ ከዛ አባት ይመለስና «አይ ቶምተ አመለጠኝ?» ይላል። አገር ሙሉ በዚህ ውሸት ተስማምቶ ይኖራል። እኛ ህንጻ ውስጥ ታዲያ ያለው ልብስ አንድ ነው፣ ለሶስት አባወራ። አንዱ ኤርትራዊ ነው፣ አንዱ ኢራቃዊ፣ አንዱ እኔ። እንደ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በወረፋ ነው የምንይዘው፣ ለኔ የደረሰኝ ከ11 እስከ 11 ተኩል ነው። ምድር ቤት ስወርድ ኤርትራዊው ጺሙን እየነቀለ ነበር፣ «ቶሎ በል፣ ማጣበቂያው እያለቀ ነው» አለኝ።

አንድ ነገር ረስቻለሁ። ለአማቴ አልተነገራቸውም።

በኋላ እንደሰማሁት እኔ ስወጣ ሚስቴን «በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጨለማ፣ ሱቅ ሁሉ በተዘጋበት ምን ጋዜጣ ነው? ልጄ፣ ባልሽን ጠብቂ» ብለዋት ነበር። እንዲህ ተጠርጥሬ እያለ ነው እንግዲህ በሩን ያንኳኳሁት። አማቴ ከፈቱ። ከፊታቸው የቆመው ሰው ነጭ ጺሙ ደረቱ ላይ የተኛ፣ ረጅም ካባ የለበሰ፣ ቆብ ያጠለቀ፣ በትር የያዘ፣ ጆንያ ያነገተ ነው። ምን እንዲያስቡ ትጠብቃላችሁ? ዋልድባ ነው ትዝ ያላቸው። ጎንበስ አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የምናገረውን በስዊድንኛ አጥንቼ ነው የመጣሁት፣ «ጨዋ ልጆች አሉ ወይ» የምትለዋን ብቻ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ሲጠብቁ ልሳኔ ተዘጋ፣ ከዛ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከአፌ የወጣው፣

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ይፍታሽ! አማቴን! አስራ አንድ አመት ሙሉ እርስዎ ብዬ፣ በስልክ እንኳ ተነስቼ ቆሜ የማናግራቸውን ሴትዮ፣ በራቸው ላይ አንቺ አልኳቸው። ሚስቴ ከሳሎን ሰማች። ልጆቹ ሰሙ። አማቴ ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ አይናቸው ከጺሙ ወደ ካባው፣ ከካባው ወደ እግሬ ወረደ። ነጠላ ጫማ። የቤት ነጠላ ጫማዬን ነው ያደረግኩት፣ ራሳቸው ከመርካቶ ገዝተው ያመጡልኝን።

አንድም ቃል አልተናገሩም። መንገድ ለቀቁልኝ። ገባሁ፣ ስጦታውን አደልኩ፣ ላቤ እስከ ካልሲዬ ወረደ፣ ወጣሁ፣ ልብሱን ለኢራቃዊው አስረከብኩ፣ ተመለስኩ። ትልቋ ልጄ ስምንት አመቷ ነው፣ በሩ ላይ ጠብቃ «ባቢ፣ ጋዜጣውስ?» አለችኝ። አልቋል አልኳት። «የዛሬ ጋዜጣ የለም እኮ፣ በዓል ነው» አለች፣ እየሳቀችብኝ። ትንሹ ግን እስከዛሬ የሚያወራው ሌላ ነው፣ ቶምተ አማርኛ ይችላል።

ሚስቴ ለአንድ ሳምንት አኮረፈች። «እናቴን አንቺ!» እያለች። ቄስ እኮ ለማንም አንቺ ነው የሚለው ብዬ ተከራከርኩ። አንተ ቄስ ነህ? አለችኝ። በዚህ ጥያቄ ላይ መልስ የለኝም።

ያስታረቀን ሆኪ ነው። በያመቱ ከዲሴምበር 26 ጀምሮ የወጣቶች የአለም የአይስ ሆኪ ሻምፒዮና አለ፣ ስዊድን ደግሞ ለሆኪ ያላትን ነገር አትጠይቁኝ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ጥጥ ይፈትላሉ፣ አዎ እንዝርት ይዘው ነው የመጡት። ድንገት ዞር ሲሉ ቆልማማ ዱላ የያዙ ጎረምሶች አንዲት ጥቁር ነገር ሲያሯሩጡ አዩ። እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ገና ነው እኮ! ገና ነው የሚጫወቱት! ሩሯ ግን ምነው ጠፈጠፈች?»

ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ጨዋታ አላለፋቸውም። ስዊድን ስትገጥም ነጠላ ያወርዳሉ። ወንድሞቻቸው ገጠር ሜዳ ላይ ከሰፈር ሰፈር እንዴት እንደሚፈነካከቱ፣ ማን የማንን ጥርስ እንዳወለቀ ለልጆቼ እየተረኩ፣ ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው። አንድ ቀን ዳኛው አንዱን ልጅ ለሁለት ደቂቃ አስወጥቶ እንደ ጓዳ ያለ ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጠው አማቴ ተቆጡ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነው እንጂ፣ ለገና ጨዋታ ሰው ይታሰራል? ከዛ ወደኔ ዞሩና፣ ካኮረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አይደለም እንዴ አባ?» አሉኝ። አባ! ታረቅን ማለት ነው፣ ስሙ ግን እስከዛሬ አለ።

መቼም የኛ ገና አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ከገናቸው ማግስት ጀምሮ ሁሉም ነገር ቅናሽ ነው። ድሜጥሮስ ባሕረ ሐሳብን ሲቀምር ስለ ቅናሽ አስቦ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ግን አላሰበም ብዬም አልከራከርም። ለአራት ሰው የገና ጌጥ፣ የገና ሻማ፣ ካልሲ፣ መጠቅለያ ወረቀት በግማሽ ዋጋ ነው የምገዛው። አማቴም አብረውኝ ወጥተው አንዲት የጭድ ፍየል ገዙ፣ በግማሽ ዋጋ፣ ከዛም ላይ ባለሱቁን በአማርኛ አስር ክሮና አስቀነሱት። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ስዊድን ውስጥ ዋጋ ተከራክሮ ያስቀነሰ ሰው በአይኔ ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ የፈራ መሰለኝ።

ጉዳቱ ደግሞ ሀዋላ ነው። ሁለት ገና ያለው ሰው ሁለት ጊዜ እንኳን አደረሰህ ይባላል። ዲሴምበር 25 ጠዋት ቴሌግራም ላይ «ለፈረንጆች ገና እንኳን አደረሳችሁ» ይላል የአጎቴ ልጅ፣ ከአበባ ስቲከር ጋር፣ ከስር ደግሞ የባንክ ሂሳብ ቁጥር። በጃንዋሪ 6 ማታ ያው ሰው፣ ያው አበባ፣ ያው ቁጥር፣ በዚህኛው «ዶሮ ስንት ገባ መሰለህ» የሚል ተጨምሮበት። አንዴ ተናድጄ እኔ የፈረንጁን ገና አላከብርም ብዬ ጻፍኩለት። «ታዲያ ከሱ የተረፈህን ላክልኛ» አለኝ።

ስዊድን ጃንዋሪ 6ን በዓል አድርጋ ትዘጋለች፣ 7ን ትከፍታለች። አንድ ቀን ብቻ ገፋ ቢያደርጉልን ምን ነበረበት እያልን ነው የምንኖረው። ለዋዜማው ግን ይመቻል፣ ከስዊድኖቹ በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሌሊት ነው፣ ሲያልቅ የምድር ባቡሩ ተዘግቷል፣ በሌሊት አውቶብስ ነጠላ የለበሰ ሰው ብቻ ተጭኖ ይሄዳል፣ ሹፌሩ ደግሞ ሀበሻ ነው፣ ማይኩን ከፍቶ እንኳን አደረሳችሁ ብሎናል። ሶስት ሰዓት ተኝቼ ስራ ገባሁ። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ «አሁን ከገና እረፍት መመለስህ አይደል?» ተባልኩ።

ማታ ስመለስ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል፣ ጣራው ላይ ያለው የእሳት ደወል ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ ትልቋ ልጄ ወንበር ላይ ቆማ በነጠላ ታራግበዋለች፣ አማቴ ምንም አልመሰላቸው፣ ሽንኩርት እያማሰሉ «ይደውል ተይው፣ በዓል ነው» ይላሉ። ችግሩ የነበረው ዶሮዋ ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ሙሉ ዶሮ አልቆ ሚስቴ አስራ ሁለት ጭን በፓኬት ገዝታለች፣ አስራ ሁለት ብልት አስራ ሁለት ነው ብላ። አማቴ ድስቱን አማስለው አማስለው አንድ ጭን አወጡ፣ ሌላ ጭን አወጡ፣ ሶስተኛ ጭን አወጡ።

«ይቺ ዶሮ ናት ወይስ መቶ እግር?»

ፈረሰኛው ለኔ ነው የሚገባው ይባላል፣ የቤቱ አባወራ ነኝ፣ የለም። ጭን ተሰጠኝ። ለልጆቹም ጭን፣ ለሚስቴም ጭን። ግን 44 ቀን ጾሞ ለተፈታ ሰው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መቶ እግርም ቢሆን በልቼዋለሁ።

ጃንዋሪ 13 ስዊድኖቹ ዛፋቸውን አውጥተው ይጥላሉ፣ የገና ማብቂያቸው ነው። አማቴም የዛኑ ሳምንት ሻንጣቸውን አዘጋጁ፣ ከቪዛው ወር ከምናምን ይቀራቸዋል፣ ግን ጥምቀትን እዚህ አላሳልፍም አሉ። ሀይቁ ድንጋይ ሆኖ ሰው ላዩ ላይ ሲንሸራተት አይተዋል። «ይሄ በምን ይረጫል፣ ተፈንክቶ?» ነው ያሉት። የጭድ ፍየሏን በነጠላ ጠቅልለው ከልብሳቸው መሃል አስቀመጧት፣ የሰፈር ሰው ትየው፣ የስዊድን ፍየል ትየው አሉ።

በጥምቀት ማግስት ደወልኩ። በረንዳው ላይ ሰው ይንጫጫል፣ ቡና እየተፈላ ነው።

«እማማ፣ እንኳን አደረስዎ። ፍየሏን አዩልዎት?»

ትንሽ ዝም አሉ።

«አይ አባ፣» አሉ፣ «ለጥምቀት የገዛነው በግ ግቢ ታስሮ ነበር፣ እሷን ደሞ በረንዳ ላይ አስቀምጫት ነበር።»

«እና?»

«እና ሪባኗ ቀረ።»